ከ«ባዶው ምሽግ» ወዲህ፤ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ስላላቸው ቁርኝት የቀረበ ሂስ

መግቢያ

አንድ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ያለውን የፍቅር ትስስር ሰው ሁሉ የሚለካው በለመዳቸው ጥቂት ምልክቶች ነው። ልጁ እናቱን ባየ ጊዜ ይፈነድቃል፤ ዓይን ዓይኗን ያያል፤ በወደቀ ጊዜ እያለቀሰ ወደ እርስዋ ይሮጣል፤ አዲስ ነገር ሲያገኝ «እዪልኝ» እያለ ያሳያታል። እነዚህ ምልክቶች በጐደሉ ጊዜ ግን ተመልካቹ ከሁለት ፍርዶች አንዱን ለመስጠት አይዘገይም። ወይ «ይህ ልጅ ፍቅር አያውቅም» ይላል፤ ወይም «ይህች እናት ፍቅር ነፍጋዋለች» ይላል። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ወላጆቻቸው ካለፈው ምእተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ በእነዚህ ሁለት ፍርዶች መካከል ሲንገላቱ ኖረዋል።

ሁለተኛውን ፍርድ በሳይንስ ስም ካስፋፉት መጻሕፍት ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ያሳተሙት «ባዶው ምሽግ» የተባለው ሥራ ነው። መጽሐፉ ከታተመ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ያለፈው ቢሆንም፣ የተመሠረተበት አስተሳሰብ መልኩን እየለዋወጠ በየአገሩ ስለሚገኝ እንደ አሮጌ ነገር ተቆጥሮ የሚታለፍ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉ የቆመበትን ማስረጃ መመርመር፣ ከእርሱ በኋላ የተካሄዱት ጥናቶች ስለ ቁርኝት ያስገኙትን ዕውቀት ከነጉድለታቸው ማቅረብና ከዚህ ሁሉ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚተርፈውን ቁም ነገር ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. የመጽሐፉ ሐሳብና ምንጩ

ቤተልሃይም በ1903 በቪየና ከተማ ተወለዱ። ናዚዎች ኦስትሪያን በያዙበት በ1938 ተይዘው በዳኻውና በቡኽንቫልድ የማጎሪያ ካምፖች ከታሰሩ በኋላ በ1939 ተፈትተው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ከ1944 እስከ 1973 ድረስም በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበረውን ኦርቶጄኒክ ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ። የዶክትሬት ማዕረጋቸው የፍልስፍና እንጂ የሕክምና አልነበረም።

በካምፖቹ ውስጥ ያዩት ነገር ለንድፈ ሐሳባቸው መሠረት ሆኗል። ሞቱን የሚሻ ኃይል የሠለጠነበት እስረኛ ተስፋ በቆረጠ ጊዜ ከዓለም ጋር ያለውን ግንኙነት አቋርጦ በራሱ ውስጥ እንደሚሸሸግ ተመልክተው ነበር። ይህንኑ ዝምታና ይህንኑ መሸሽ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ያዩ ሲመስላቸው፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። እንደ መጽሐፉ አባባል ሕፃኑ ወላጁ የእርሱን መኖር እንደማይፈልግ ስለሚሰማው ራሱን ለመከላከል ምሽግ ይሠራል፤ በምሽጉ ውስጥ ግን ሊጠበቅ የሚገባው ማንነት ሳያድግ ስለሚቀር ምሽጉ ባዶ ይሆናል። ደራሲው ይህን ሐሳብ ያስረዱት ሎሪ፣ ማርሽያና ጆይ የሚል ስም የሰጧቸውን የሦስት ልጆች ታሪክ በሰፊው በመተረክ ነው። ከሐሳቡ የሚከተለው ሕክምናም ግልጽ ነበር። ሕመሙ ከወላጅ የመጣ ከሆነ መድኃኒቱ ልጁን ከወላጅ ማራቅ ይሆናል። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ የሚኖሩ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚገናኙበት ዕድል እጅግ የተወሰነ ነበር።

የዚህ አስተሳሰብ ዘር የተዘራው ግን ቀደም ብሎ ነው። በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ሊዮ ካነር በ1943 ስለ 11 ልጆች፣ ማለትም ስለ 8 ወንዶችና 3 ሴቶች፣ ባሳተሙት ጽሑፍ ኦቲዝምን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን የቻለ ሁኔታ አድርገው ገለጹ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ሐሳቦች ጐን ለጐን ይገኛሉ። አንደኛው ልጆቹ ከሰው ጋር ስሜታዊ ግንኙነት የመመሥረት ችሎታ ሳይኖራቸው እንደ ተወለዱ የሚገልጽ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከወላጆቹ መካከል ልበ ሙቅ የሆኑት ጥቂቶች እንደ ነበሩ የሚያመለክት ነው። በ1949 በወጣው ሌላ ጽሑፋቸው ሁለተኛው ሐሳብ በረታና ልጆቹ በረዶው በማይቀልጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደ ተቀመጡ ተደርጎ ተነገረ። «የማቀዝቀዣ እናት» የሚለው ክፉ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ካነር ራሳቸው በ1969 በወላጆች ማኅበር ጉባኤ ፊት ቀርበው ወላጆችን ከዚህ ክስ ነፃ ቢያደርጉም፣ ከአንደበት የወጣ ቃል በቀላሉ አልተመለሰም።

2. ማስረጃው ሲመረመር

ማንኛውም ሂስ ሚዛናዊ እንዲሆን የመጽሐፉን በጎ ጐን መሸፈን አይገባውም። ቤተልሃይም እነዚህን ልጆች ከንቱ ናቸው ብሎ የሚተው አመለካከት በሠፈነበት ዘመን፣ የእያንዳንዱ ልጅ እንግዳ የሚመስል ድርጊት ትርጉም አለው፣ ታግሦ የሚመለከተው ሰውም ትርጉሙን ሊደርስበት ይችላል በማለት ጽፈዋል። መምህራን መጽሐፉን የወደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ ደራሲው የልጁን ድርጊት ለመረዳት ያሳዩትን ትዕግሥት ለወላጁ መንፈጋቸው ነው። የቀረበው ማስረጃ በአራት ነጥቦች ላይ ይወድቃል።

አንደኛ፣ ስለ ልጁና ስለ ወላጁ ግንኙነት የሚናገረው መጽሐፍ ልጁንና ወላጁን አብረው አላያቸውም። ታሪኩ የተጻፈው ልጁ ከቤቱ ከተለየ በኋላ ነው። የሕፃንነቱ ዘመን የተገመተው በኋላ ከታየው ጠባይ ተነሥቶ ነው። ምስክር የሌለበት ነገር ግምት እንጂ ማስረጃ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛ፣ ምክንያትና ውጤት ሊገለባበጡ እንደሚችሉ አልታሰበም። ፈገግ ስትልለት መልስ የማይሰጥ፣ ስታቅፈው የሚደርቅ ሕፃን ያላት እናት ከጊዜ በኋላ ብትደክምና ብትቈጠብ፣ መቈጠቧ የልጁ ሁኔታ ያስከተለው እንጂ ሁኔታውን ያመጣው ላይሆን ይችላል። በካነር ክሊኒክ የታዩት ወላጆች የተማሩና ጥንቁቅ መሆናቸውም ቢሆን፣ በዚያ ዘመን ወደ ታወቀ ሐኪም ለመድረስ አቅምና ዕውቀት የነበራቸው እነርሱ ከመሆናቸው የመነጨ ነው።

ሦስተኛ፣ መጽሐፉ ስለ ወንድሞችና እኅቶች አጥጋቢ መልስ የለውም። «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው» እንደሚባለው፣ ከአንድ እናት የተወለዱ፣ በአንድ ጉልበት ላይ ያደጉ ልጆች አንዱ ኦቲዝም ሲኖርበት ሌሎቹ አይኖርባቸውም። የእናቲቱ ቅዝቃዜ ምክንያት ቢሆን ኖሮ አንዱን አቃጥሎ ሌላውን አያልፍም ነበር። የባሕር ኃይል የሥነ ልቡና ባለሙያና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበሩት በርናርድ ሪምላንድ በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንና የመሳሰሉትን ነጥቦች አሰባስበው ምክንያቱ ከአካል እንደሚመነጭ ተከራክረው ነበር። ይህም «ባዶው ምሽግ» ከመታተሙ ከሦስት ዓመት በፊት መሆኑን አንባቢ ልብ ሊለው ይገባል። በ1977 ደግሞ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 መንታዎችን መርምረው፣ ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖርባቸው፣ ተመሳሳይ ካልሆኑት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም ይህ አለመታየቱን ገለጹ። ከዚያ በኋላ የዘር ውርስ ያለውን ትልቅ ድርሻ መካድ አልተቻለም።

አራተኛ፣ ደራሲው ካከሟቸው ልጆች አብዛኞቹ እንደ ተሻሻሉ ቢናገሩም፣ መሻሻሉን የመዘኑት ራሳቸው ናቸው፤ ከሌሎች ልጆች ጋር የተደረገ ንጽጽርም የለም። በ1990 ካረፉ በኋላ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በትምህርት ቤቱ ይደበደቡ እንደ ነበር በአደባባይ መናገራቸው ይህንኑ ጥርጣሬ አጠናክሮታል።

3. ቁርኝቱ ራሱ በታየ ጊዜ

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከወላጁ ጋር ቁርኝት አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ሪምላንድም ሆኑ ቤተልሃይም በወላጅ ጥፋተኛነት ላይ ቢለያዩም፣ ይህን ጥያቄ በቅርብ ምልከታ አልፈተኑትም። በ1987 የታተመው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ እንኳ፣ ልጁ ሲታመም ወይም ሲጐዳ ለመጽናናት ወደ ሰው አለመምጣቱን ከምልክቶቹ አንዱ አድርጎ ቈጥሮት ነበር።

ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ መሣሪያ ያዘጋጁት ሜሪ አይንስዎርዝ ናቸው። እኚህ ተመራማሪ በ1954 እና በ1955 በኡጋንዳ፣ በካምፓላ አቅራቢያ በሚገኙ መንደሮች የ26 ቤተሰቦችን እናቶችና ሕፃናት በየቤታቸው እየሄዱ ተመልክተው ነበር። ሕፃኑ እናቱን መነሻና መመለሻ አድርጎ ዓለሙን እንደሚያስስ ያስተዋሉት በዚያ ነው። ስለዚህ በዓለም የታወቀው የቁርኝት ጥናት አንደኛው ሥሩ ከአፍሪካ መንደር የተነሣ ነው። ኋላም ካነር ባስተማሩበት በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ ሳሉ የሃያ ደቂቃ ያህል ፈተና አዘጋጁ። እናትና ልጅ መጫወቻ ባለበት እንግዳ ክፍል ይገባሉ፤ የማያውቁት ሰው ይመጣል፤ እናት ሁለት ጊዜ ወጥታ ትመለሳለች። ዋናው ትኩረት ልጁ እናቱ ስትሄድ ማልቀሱ ሳይሆን ስትመለስ የሚያደርገው ነገር ነው።

በ1984 ማሪያን ሲግማንና ጁዲ አንጀረር ይህን መሰሉን ፈተና ኦቲዝም ላለባቸው 14 ልጆች አቀረቡ። ልጆቹ እናታቸው ስትመለስ ከእንግዳው ይልቅ ወደ እርስዋ አብልጠው ቀረቡ፤ እርስዋንም አብልጠው ተጠጉ። በ1987 እና በ1991 በሌሎች ተመራማሪዎች የተደረጉት ጥናቶችም ይህንኑ አጸኑ። በ2004 አና ሩትገርስና ባልደረቦቻቸው 16 ጥናቶችን ሲገመግሙ፣ አብዛኞቹ የቁርኝት ምልክቶችን ማግኘታቸውን አረጋገጡ። በፈተናው ከተጠቀሙት አራት ጥናቶች በተገኙት 72 ልጆች መካከል 53 በመቶው የተረጋጋ ቁርኝት እንዳላቸው ታወቀ። ይህ አኃዝ ከሌሎች ልጆች ያነሰ ነው፤ ልዩነቱ ግን የአእምሮ ዕድገታቸው ከፍ ባለ ልጆች ዘንድ አልታየም። «ይህ ልጅ ፍቅር አያውቅም» የሚለው የመጀመሪያው ፍርድ በዚህ ወደቀ።

4. በጥናቶቹ ላይ የሚሰነዘር ሂስ

መጽሐፉን የተቸ ሰው ጥናቶቹንም በዚያው ሚዛን ሊያስቀምጣቸው ግዴታ አለበት። የተመለከቷቸው ልጆች ቁጥር አነስተኛ ነው። ፈተናው የተዘጋጀው ከ12 እስከ 18 ወር ለሆናቸው ሕፃናት ሲሆን፣ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ የተሞከረው ግን በአብዛኛው ሦስትና አራት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ከሁሉ በላይ አስቸጋሪው የትርጉም ጉዳይ ነው። እጅን ማርገብገብ ወይም ባሉበት መሽከርከር በሌላ ልጅ ላይ ቢታይ የቁርኝት መናወጥ ምልክት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ ኦቲዝም ባለበት ልጅ ላይ ግን የዘወትር ጠባዩ ነው። በ1994 ሊሳ ካፕስና ባልደረቦቻቸው ካጠኗቸው ልጆች ሊመደቡ የቻሉት 15ቱ ሁሉ በመጀመሪያ ቁርኝታቸው ሥርዓት ያጣ ተብለው ነበር፤ ከዚህ ሥር ያለው መሠረታዊ ምድብ ሲታይ ግን 40 በመቶው የተረጋጋ ቁርኝት ያላቸው ሆነው ተገኙ። የመለኪያው ዓይን ሲስተካከል ልጁ ሌላ ሰው መሰለ ማለት ነው።

ስለ ወላጅ ድርሻም ጥናቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም። የ1994ቱ ጥናት የተረጋጋ ቁርኝት ያላቸው ልጆች እናቶች ለልጆቻቸው ምልክት ፈጥነው ምላሽ የሚሰጡ ሆነው እንደ ተገኙ ይገልጻል። በኔዘርላንድስ ተደርጎ በ2007 የታተመው ጥናት ግን ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ከሌሎች ወላጆች ባላነሰ ንቁዎች ሆነው ሳለ፣ ይህ ንቃት በልጆቹ ቁርኝት ላይ በሌሎች ልጆች ዘንድ የታየውን ለውጥ እንዳላሳየ ያመለክታል። በ2009 በሐይፋ ዴቪድ ኦፐንሃይምና ባልደረቦቻቸው በ45 ወንዶች ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት ደግሞ፣ ነገሩን በልጃቸው ዓይን ለማየት የሚጥሩና የልጃቸውን ሁኔታ ዐውቀው ከኀዘናቸው የተጽናኑ እናቶች ልጆች ቁርኝታቸው የተረጋጋ መሆኑን አሳየ።

እነዚህ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም አንድ ትምህርት ይገኝባቸዋል። ከወላጅ የሚፈለገው የፍቅር ብዛት ሳይሆን ልጁ ፍቅሩን የሚገልጽበትን ልዩ ቋንቋ ማንበብ ነው። ይህን ንባብ ማንም ወላጅ ከተፈጥሮ ይዞት አይወለድም፤ ጊዜና የሌሎች ሰዎች እገዛ ያስፈልገዋል። ሌላው ቁም ነገር ደግሞ ሦስቱም ጥናቶች የሚናገሩት ስለ ቁርኝት መረጋጋት እንጂ ስለ ኦቲዝም መነሻ አለመሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ከተዘነጋ የማቀዝቀዣዋ እናት በጓሮ በር ትመለሳለች።

5. ቅርበትን መሻትና ነገርን መጋራት

መምህራን በተለይ ሊለዩዋቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ልጁ ሲፈራ፣ ሲደክመው ወይም ሲጐዳ ወደሚያምነው ሰው መጠጋቱ ነው። ሁለተኛው አንድን ነገር እያሳየ የሌላውን ሰው ትኩረትና ደስታ መጋራቱ ነው። ፒተር መንዲ፣ ሲግማንና ባልደረቦቻቸው በ1986 ባቀረቡት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በእጅጉ የሚጐድላቸው ሁለተኛው መሆኑን አሳይተዋል። ልጁ ውኃ ሲፈልግ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ እንስራው ይወስዳታል፤ በሰማይ የሚያልፈውን አውሮፕላን ግን አይጠቁማትም። «እዪልኝ» አለማለቱ «አልፈልግሽም» ማለት አይደለም።

ስለዚህ የልጁ ቁርኝት በሌላ መልክ መፈለግ አለበት። ጀርባውን ሰጥቶ በእናቱ ጉልበት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ፊቷን ሳያይ ከአጠገቧ ሳይርቅ ሊውል ይችላል። አባቱ ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ሲያልፍ ያለ ምክንያት የሚመስል ብስጭት ሊያሳይ ይችላል። ሌላ ሰው ሲነካው የሚጮኸው ልጅ በእናቱ እጅ ሲታጠብ ዝም ሊል ይችላል። እነዚህን ምልክቶች አስቀድማ የምታውቀው እናቲቱ ናት፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቃት ግን የለም።

ዓይንን በሚመለከት ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። በብዙ የአገራችን ቤተሰቦች ልጅ ታላቁን ትክ ብሎ እንዲያይ አይበረታታም፤ ዓይኑን ሰበር ማድረጉ የጨዋነት ምልክት ነው። ከውጭ የመጣ መጠይቅ የዓይን ለዓይን ግንኙነትን ብቻ ይዞ ልጁን ቢመዝን በሁለት በኩል ይሳሳታል። ጨዋውን ልጅ ሕመም እንዳለበት አድርጎ ሊቈጥር፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ደግሞ ዓይነ አፋር ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

6. አስተሳሰቡ በሌላ ልብስ

ወላጅን የመውቀስ ልማድ በቺካጎ አልቀረም። አንትሮፖሎጂስቱ ሮይ ሪቻርድ ግሪንከር በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ገለጹት፣ በደቡብ ኮሪያ ለብዙ ልጆች ከኦቲዝም ይልቅ የቁርኝት መታወክ የሚል ስም ይሰጣቸው ነበር፤ ይህ ስም እናትን ቢያስወቅስም የቤተሰቡን ዘር ከነቀፌታ ያድን ስለ ነበር አንዳንድ እናቶች ራሳቸው ይመርጡት ነበር። በፈረንሳይ የሥነ ልቡና ትንተና ትምህርት በኦቲዝም ሕክምና ላይ ለረጅም ጊዜ ሠልጥኖ ከቆየ በኋላ፣ የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣን በ2012 ባወጣው መመሪያ ከሚመከሩት ዘዴዎች ውስጥ ሳያካትተው ቀርቷል።

በኢትዮጵያ ወቀሳው የሚመጣው በአብዛኛው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእርግማን፣ ከርኩስ መንፈስና ከኃጢአት ቅጣት ወሬ ነው። በአዲስ አበባ የእድገት መታወክ ያለባቸውን ልጆች ወደ ሕክምና ባመጡ 102 አሳዳጊዎች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመው ጥናት፣ 45.1 በመቶ የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ 26.7 በመቶው ደግሞ ሁኔታውን ለመደበቅ እንደሚጥሩ አሳይቷል። ቤት የተዘጋበትን ልጅ ሰው «ከሰው አይገጥምም» ቢለው ምሽጉን የሠራው ኀፍረት እንጂ ልጁ አይደለም። በሌላ በኩል በ2002 የተቋቋመው የጆይ ኦቲዝም ማዕከል መሥራች ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት መሆናቸው መታወስ አለበት። በቺካጎ ከበር ውጭ እንዲቆም የተደረገው ወላጅ በአዲስ አበባ በር ከፋች ሆኗል።

7. ለትምህርት ቤትና ለዕቅድ የሚተርፈው

ከዚህ ግምገማ የሚከተሉት አራት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

ሀ. መምህሩ ልጁን በሚቀበልበት ቀን መጀመሪያ የሚያቀርበው ጥያቄ «ልጁ ምን አይችልም?» የሚል መሆን የለበትም። ሲደሰት ምን ያደርጋል? ሲጐዳ ወደ ማን ይሄዳል? ምን ያረጋጋዋል? የሚሉት ጥያቄዎች ለእናት፣ ለአባት ወይም ለአሳዳጊዋ አያት ቀርበው መልሳቸው በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል።

ለ. የጠዋት መለያየትና የማታ መገናኘት በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር፣ በአንድ ዓይነት ቃል ቢፈጸም ልጁን ይረዳዋል። ልጁ ወላጁን ሳያይ በአጠገብዋ ቢያልፍ መምህሩ በሌሎች ወላጆች ፊት አስተያየት ከመስጠት ሊቈጠብ ይገባል፤ እንዲህ ያለ አስተያየት የአንዲትን እናት ተስፋ በአንድ ቀን ሊሰብር ይችላል።

ሐ. የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሕፃናት ሥነ ልቡና ማስተማሪያዎቻቸውን ከዚህ አንጻር ሊፈትሹ ይገባል። የቤተልሃይም ሐሳብ ቢጠቀስ እንኳ ውድቅ የሆነበት ማስረጃ አብሮት ካልቀረበ፣ ሠልጣኙ ስሕተቱን እንደ ዕውቀት ይዞ ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ይወርዳል።

መ. ዕቅድ አውጪዎች ልጁን ከቤት የሚያርቅ አዳሪ ተቋምን የመጀመሪያ ምርጫ ከማድረግ ይልቅ ለወላጅ ሥልጠና በጀት ቢመድቡ ይመረጣል። በእንግሊዝ በ152 ትንንሽ ልጆች ላይ የተደረገውና በ2010 የታተመው ሙከራ ወላጆች የልጃቸውን የመግባባት ምልክት እንዲያነቡ ሲሠለጥኑ፣ በሥልጠናው ማብቂያ የታየው ግልጽ ለውጥ በወላጅና በልጅ መግባባት ላይ ነበር፤ የኦቲዝሙን ምልክቶች በሚመለከት የተገኘው ውጤት ውሱን ነበር። በ2016 የወጣው የክትትል ጥናት ግን ከስድስት ዓመት ያህል በኋላ በምልክቶቹም ላይ መቀነስ መታየቱን ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሳዳጊዎች ሥልጠና በኢትዮጵያም የተሞከረ በመሆኑ መነሻው እንግዳ አይደለም።

መደምደሚያ

«ባዶው ምሽግ» የወደቀው ደራሲው ለልጆች ስላላዘኑ አይደለም። የወደቀው ልጁ ስለ ፍቅር የሚናገረውን ለማወቅ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የነበረበትን ሰው ከችሎት ውጭ አድርጎ ስለ ፈረደ ነው። የኋለኞቹ ጥናቶች በጠባብ ክፍልና በአጭር ደቂቃ ውስጥ ቢሆንም እናትና ልጅን አብረው በማየታቸው ብቻ የተሻለ እውነት ላይ ደርሰዋል። ትምህርት ቤት ከእነርሱ የሚበልጥ ዕድል አለው፤ እናትና ልጅን በየጠዋቱና በየማታው በበሩ ላይ ያያቸዋልና።